ሞተር አጥፉ ያልኩበት ምክንያት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኔ በሽታዬን አልደበቅሁም። ለባሌ ነግሬያለሁ፣ ለእህቴ ነግሬያለሁ፣ አምቦ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሁሉ ነግሬያለሁ። የቸገረኝ ስሙን የሚነግረኝ ሰው ማጣት ነበር። ስሙን ባገኘሁት ጊዜ ደግሞ ሰዎች «እሱንስ ቀስ ብለሽ አውሪው» አሉኝ። እምቢ ብያለሁ። ይኸው ልጽፈው ተቀምጫለሁ፤ የሚያፍር ካለ ገጹን ገልጦ ይለፍ።

ጫልቱ እባላለሁ። አምቦ መነኸሪያ የስምሪት ሠራተኛ ነኝ። ሥራውን ለማያውቅ ላስረዳ፤ ሚኒባሶቹ ወደ ጊንጪ፣ ወደ ጉደር፣ ወደ ካቺሲ የሚወጡት በተራ ነው። ተራውን የማስከብረውና የመውጫ ወረቀት የምሰጠው እኔ ነኝ። ወረቀቴን ያልያዘ መኪና በሩን አያልፍም። ከቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ክፍል አለችኝ፤ መስኮቷ መኪኖቹ ተሰልፈው ሰው በሚጭኑበት በኩል ነው። ጠዋት ስገባ ጭስ ማውጫቸው ወደ እኔ ዞሮ ይጠብቀኛል፣ ማታ ስወጣም እንደዚያው ነው።

የሾፌሮቻችንን አንድ ብልሃት ካልነገርኳችሁ ታሪኩ አይገባችሁም። መኪናው ገና ሁለት ሰው ሳይጭን ሞተሩን አስነሥተው ያቆዩታል። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሞላ! ሞላ! ሊወጣ ነው!» ይላል። ከገጠር የመጣ ሰው ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ያይና እውነትም ሊወጣ ነው ብሎ ዕቃውን አሸክሞ ሮጦ ይገባል። ገብቶ ሲያየው ወንበሩ ባዶ ነው፤ መውረድ ደግሞ ያሳፍራል። መኪናው እዚያው ቆሞ ሲያጨስ ግማሽ ቀን ይውላል። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሁላችንም ለምደነው ኖረናል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ ጭስ ውስጥ ቆሜ አንድ ቀን አስነጥሶኝ አያውቅም ነበር።

የጀመረኝ ኮሮና ሊገባ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ በአርባ አራት ዓመቴ ነው። በመጀመሪያ የወር አበባዬ ተዘበራረቀ፤ አንዱን ወር መጥቶ ሁለቱን ይዘላል። ከዚያ ጨርሶ ቀረ። አረገዝኩ ብዬ ደንግጬ ነበር፤ አለመሆኑ ሲታወቅ «ተመስገን፣ ተገላገልኩ» ብዬ ረሳሁት።

ቀጥሎ እሳቱ መጣ። ሌላ ስም የለውም። ከደረቴ ይነሣና አንገቴን ይዞ ፊቴ ላይ ይወጣል፤ ላቤ ከጆሮዬ ሥር ይንቆረቆራል፤ ወዲያው ደግሞ ይበርደኛል። ተኝቼ ሳለ ሲመጣብኝ ብርድ ልብሱን ከነባሌ ገፍትሬ እጥለዋለሁ። ባሌ ገመቹ አስተማሪ ነው፣ ሰው አክባሪና ዝምተኛ። የአምቦ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት በኅዳር እኔ መስኮት ስከፍት እሱ ካፖርት ደርቦ ይተኛ ጀመር። በኋላ ትራሱን ይዞ ሳሎን ገባ። የተጣላን የመሰላቸው ጎረቤቶች ሊያስታርቁን መጡ። እኔ ደግሞ ምን ብዬ ልታረቅ? በምን እንደተጣላሁ አላውቅም።

ቀሚሶቼ በወገብ በኩል እምቢ አሉኝ። የምበላው ያው ነው፤ እንዲያውም ከእንቅልፍ ማጣት የተነሣ ምግብ አስጠልቶኛል፤ ሆዴ ግን ብቻውን ይፋፋል። ጉልበቴና ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይላሉ። በዚያ ላይ ሳሉ መጣ። መጀመሪያ ደረቅ ሳል ነበር። እየቆየ መኪና በተነሣ ቁጥር ደረቴ ውስጥ የታሠረ ነገር ያለ ይመስል ሲጥ ሲጥ ይላል፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል፣ መውጣቱን ግን እንጃ።

ክሊኒክ ሄድኩ። አምቦ ውስጥ ታሞ ታይፎይድ ነው ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባልኩ፣ መርፌውን ተወጋሁ። አልተሻለኝም። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለኝ። ሦስተኛው ጋ «ሙቀት ሙቀት ይለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ የለኝም» ስለው ወረቀቱን ሳያይ «ነርቭ ነው፣ አትጨነቂ» አለኝ። አለመጨነቅ በሐኪም ትእዛዝ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ! ለሳሉ ብሮንካይት ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ተሰጠኝ፣ አልቆ ሌላ ተሰጠኝ። ደም ግፊት ተገኘብኝ። ቀጥሎ ስኳሬ ከፍ ማለት ጀምሯል ተባለ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። ሁሉም አንዳንድ ነገር አገኙ፤ ያገኙትን አንድ ላይ አስቀምጦ ያየ ግን አልነበረም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነና የዕቁቤ ብር እዚያው አለቀ።

ምክሩም ሌላ በሽታ ነበር። ግማሹ የአምቦ ሰው «ፍል ውኃው ውስጥ ግቢ፣ ይነቅልልሻል» ይለኛል። በላዬ ላይ እሳት እየነደደ ፍል ውኃ! ግማሹ «ለጨጓራሽ አምቦ ውኃ ጠጪ» ይላል። ጠጥቼ ጠጥቼ ማግሳት ብቻ ተረፈኝ።

ኮሮና ሲገባ ደግሞ ሳሌ የአደባባይ ነገር ሆነ። የጤና ጣቢያው መጠበቂያ አግዳሚ ላይ አንድ ጊዜ ሳልኩና ዞር ስል ግራና ቀኜ ባዶ ሆኗል። በሕይወቴ እንደዚያ ተመችቶኝ ወረፋ ጠብቄ አላውቅም። ናሙና ሰጠሁ፣ ነፃ ነሽ ተባልኩ፤ ያንን ግን መነኸሪያ ውስጥ ማን አመነኝ? ረዳቶቹ የመውጫ ወረቀቱን ከእጄ ሲወስዱ በሁለት ጣት ነበር።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ የመስኮቱ ነገር ነው። በሚኒባስ ስሄድ ሙቀቱ ሲነሣብኝ፣ ያ የናፍጣ ሽታ ውስጥ ሲታፈን፣ መስኮት ልከፍት እጄን እሰዳለሁ። ከኋላ አንዱ «ኧረ እህቴ ዝጊው፣ ነፋስ ይመታናል!» ይላል። ሌላው «ሕፃን ይዣለሁ» ይላል። እኛ አገር ሰው ጭስ ሲስብ ቢውል አይፈራም፤ ነፋስ ሲመጣ ግን እንደ ነብር ይሸሻል። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ እዘጋለሁ። ሰውነቴ አየር ስጪኝ እያለ እየለመነኝ፣ እኔ የማላውቀውን ሰው ፈርቼ እዘጋበታለሁ።

እህቴ አስቴር የመጣችው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ታላቄ ናት፣ ደንዲ ውስጥ ጊንጪ ትኖራለች፣ እህል ትነግዳለች፣ በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረት መሪ ናት። አስቴር ካለች ሌላው ሰው ዝም ይላል። ገና በር ላይ አይታኝ ፈረደች።

«ብርድ ነው! በላብሽ ላይ ነፋስ ገብቶብሽ ነው። ገመቹ፣ ይቺን ልጅ መስኮት ከፍታ ስትተኛ ዝም ብለህ ታያለህ?»

ገመቹ ካፖርቱን አሳያት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እሱ ትምህርት ቤት ሳለ ሥራዋን ጀመረች። የመኝታ ቤቱን መስኮት በፌስታል ወተፈችው። ከሰል አቀጣጥላ ምድጃውን አልጋዬ አጠገብ አስቀመጠች፤ በላዩ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጣለችበት። ጋቢ ከላይ እስከ ታች አለበሰችኝ። «ላብሽን ጨርሰሽ አውጪው፣ እኔ በር ላይ ነኝ» አለችና ወጥታ፣ ከበሩ ሥር ጨርቅ ሸጎጠች። ውጭ ሆና መዝሙር ስትዘምር ይሰማኛል። ከልቧ ነው የምትዘምረው። ስለ እኔ ነው የምትዘምረው።

ጋቢው ውስጥ ሆኜ ሙቀቱ መጣብኝ። የውጪው እሳትና የውስጤ እሳት ተገናኙ። ቅጠሉ አረረና ጭሱ ጠቆረ። ጋቢውን ገፍፌ ልነሣ ስል ክፍሉ ዞረብኝ። «አስቴር» ለማለት አየር ያስፈልጋል፣ አየር ደግሞ የለኝም። አጠገቤ ያገኘሁትን ጣሳ በሩ ላይ ወረወርኩት። መዝሙሩ አልቆመም፤ ላቡ ሲወጣልኝ የተወራጨሁ መስሏት ኖሯል። የሄድኩ መሰለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ሞት እንዲህ ተራ ነገር ነው እንዴ ብዬ ተናደድኩ። ከንዴቴ የተነሣ ይመስለኛል ግድግዳውን በቡጢ የደበደብኩት።

ገመቹ ያን ቀን ስብሰባ ቀርቶ ቀደም ብሎ ገባ። ድብደባውን ሰምቶ በሩን ከነጨርቁ ገፋው። አንሥቶ ግቢ አወጣኝ፣ ባጃጅ ጠራ። እዚያም ውስጥ አስቴር «ነፋስ እንዳይመታት» ብላ የባጃጁን መጋረጃ ልታወርድ ስትል ባሌ ጮኸባት።

«ተያት! አየር ትሳብበት!»

በጋብቻችን ዘመን ሲጮህ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ጩኸት የሚችል አይመስለኝም ነበር፤ ደስ አለኝ።

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉልኝ፣ የሚሳብ መድኃኒት በጭምብል ሰጡኝ። ትንፋሼ ቀስ እያለ ተመለሰ። ያን ሌሊት መተኛት ፈርቼ ነበር፤ ዓይኔን ከከደንኩ ደረቴ ሥራውን የሚያቆም ይመስለኛል። አጠገቤ የተኛች ከጉደር የመጣች እናት ነገሩ ገባትና «ተኚ፣ እኔ እንደሁ እንቅልፍ የለኝም፣ ትንፋሽሽን እሰማልሻለሁ» አለችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ተኛሁ።

ጠዋት የመጣችው ሐኪም አጠር ያለች፣ ቶሎ የማትቸኩል ሴት ነበረች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። የተቀመጠ ሐኪም ካየሁ ቆይቼ ነበር። ሳሉን ጠየቀችኝ፣ ሙቀቱን፣ ሆዴን፣ ጉልበቴን፣ ስኳሩን። ከዚያ፦

«የወር አበባሽን ካየሽ ምን ያህል ጊዜ ሆነሽ?» አለችኝ።

ገመቹ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ኧረ ቆሟል ዶክተር። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ይህንን ጠይቆሽ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«አለ። ራጅ ሲያነሡኝ። ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ ብለው።»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፣ ሳቄ ወደ ሳል ተቀየረ። ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቀችኝና አስረዳችኝ። አርጠሻል አለችኝ። ማረጥ ማለት መውለድ ማቆም ብቻ የሚመስለን ተሳስተን ነው። እንቁላል ማምረቻው ሥራ ሲያቆም ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ሆርሞን ማለት በደም ውስጥ እየዞረ ለሰውነት ትእዛዝ የሚያደርስ ነገር ነው። ይህ ኤስትሮጅን ስንት ሥራ ደርቦ ኖሯል! ስቡ የት እንደሚቀመጥ የሚመድበው፣ ሰውነት ስኳርን በደንብ እንዲጠቀም የሚያግዘው እሱ ነው። ጭስና አቧራ ሲገባ ደግሞ ሰውነት ይቆጣል፤ ሐኪሞቹ ብግነት ይሉታል። ቁጣው ልኩን እንዳያልፍ ከሚያበርዱት አንዱ ያው ኤስትሮጅን ነው። ገባኝ። የሰውነቴ የስምሪት ሠራተኛ ሥራ ለቋል፤ መኪናው ሁሉ ያለ ተራው ይወጣል።

«ታዲያ ሳሉም ከዚህ ነው?» አላት ገመቹ፣ አሁን ዓይኑን ከጣሪያው አውርዶ።

«ሁሉም ከዚህ ነው ብዬ አልምልልህም» አለች። «አስም ነው የያዛት። ጭሱ ማንንም ይጎዳል፣ አንተንም። ግን በዚህ ዕድሜ፣ ሆርሞኑ ሲወርድ፣ አስም አዲስ የሚጀምራቸው ሴቶች አሉ፤ የነበረባቸውም ይብስባቸዋል። ጫልቱ ያንን ሁሉ ጭስ ስትችል የኖረችው በሌላ ሰውነት ነው።»

አስቴር እግሬ ሥር ቆማ ነበር። «ታዲያ እኔ ያደረግሁት...» ብላ አልጨረሰችውም።

«ልታድኚያት ነው ያደረግሽው» አለቻት ዶክተሯ። «ጠላቷ ግን ጭሱ እንጂ ነፋሱ አልነበረም። በተዘጋ ቤት ከሰል ጤነኛውንም ይገድላል።»

አስቴር «ያ ዋቅ!» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ከድና አለቀሰች። አምላኳን በኦሮምኛ የምትጠራው ልቧ ሲሰበር ነው። «በመዝሙር ልገድልሽ ነበር» አለችኝ። «ድምፅሽ እንደሆን አይገድልም፣ ያሳምማል እንጂ» አልኳት። የመዘምራን ሰው ስለሆነች ይቺን ቀልድ አልወደደቻትም፤ ለቅሶዋን ግን አቆመችልኝ።

የጎደለውን ሆርሞን በመድኃኒት መተካት ለአንዳንድ ሴት ይሆናል፤ እናታችን በጡት ካንሰር ስለሞተች ለእኔ እንደማይመከር ዶክተሯ ነገረችኝ። የታዘዘልኝ ሌላ ነው። በየቀኑ የሚሳብ ፓፍ፣ ሲብስ የሚሳብ ሌላ ፓፍ፣ የግፊት መድኃኒት፣ ዳቦና ስኳር መቀነስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በየቀኑ መራመድ። ፓፉን ስይዝ ያላወራ የለም። «ፓፍ የጀመረ ሰው አይተወውም፣ ይዞት ነው የሚሞተው!» አሉኝ። መነጽር ያደረገስ ይዞት አይደል የሚሞተው? እኔ እያየሁ፣ እየተነፈስኩ ልሙት።

ሙቀቱ ዛሬም አልፎ አልፎ ይመጣል። ሲመጣ እቀመጣለሁ፣ አንገቴን በውኃ አረጥባለሁ፣ ያልፋል። ስሙን ያወቅሁት ነገር እንደ ድሮው አያስፈራኝም።

ስወጣ ዶክተሯ አንድ ነገር ጨመረችልኝ፤ «ወይ አንቺ ከጭሱ ትርቂያለሽ፣ ወይ ጭሱ ከአንቺ ይርቃል። መድኃኒቱ ብቻውን አይችለውም።»

ቤተሰቤ የመጀመሪያውን መረጠ፤ እኔን ማንም አልጠየቀኝም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቁኝ መጥተው «ምን ተገኘባት?» ሲሉ ገመቹ ቶሎ ብሎ «አለርጂ ነው፣ አለርጂ» አላቸው። እነሱ ሲወጡ «ለምን እውነቱን አልነገርካቸውም?» አልኩት። «እንዴት እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት ይወራል? አረጀች ይሉሻል» አለኝ። ቀጥሎም «ሥራውን ተዪው በቃ፣ የእኔ ደመወዝ ይበቃናል» አለ። እንደማይበቃን ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ከገንዘቡ ይልቅ የቆረቆረኝ ሌላ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ሾፌር ሁሉ «አዴ ጫልቱ» ብሎ በአክብሮት ነው የሚጠራኝ። ከዚያ ከወጣሁ ሳል ያባረራት ሴትዮ ነኝ።

ኃላፊያችንም ተመሳሳይ ነገር አሰበልኝ። «መዝገብ ቤት ልመድብሽ። ቁጭ ብለሽ ትሠሪያለሽ። ካልሆነም በጤና ምክንያት ጡረታ» አለኝ። መዝገብ ቤታችንን ብታዩት! መስኮት የለውም፣ አቧራው ከእኔ ይበልጣል በዕድሜ።

«ጭሱን ለምን ጡረታ አናወጣውም?» አልኩት። «ሲጭኑ ሞተር ያጥፉ። የሚወጡት በተራ ነው፤ ሞተር ማስነሣት ተራ አያስቀድምም። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሻይ የምታፈላዋም፣ ግቢውን የምትጠርገዋም ትስላለች።»

ሳቀብኝ። «ሾፌሮቹን እሺ ካሰኘሻቸው እኔ ምን ቸገረኝ? ካቃተሽ ግን ከፋሲካ በኋላ መዝገብ ቤት ነሽ።»

በማግስቱ ጠዋት ሾፌሮቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ሲጭን ሞተሩ የሚሠራ መኪና መውጫ ወረቀት አያገኝም፤ እስኪያጠፋ ከኋላው ያለው ይወጣል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ። አንዳንዱ ያጠፋና ዞር ስል መልሶ ያስነሣል። ወደ ጊንጪ ይጭን የነበረ አንድ ሾፌር ተራው አልፎት ሌላው ሲወጣ ጊዜ ስድቡን አወረደብኝ፤ ቻልኩት። እውነተኛው ፈተና ግን ኦቦ ለሚ ነበሩ። የካቺሲ መስመር አንጋፋ ሾፌር ናቸው፤ ግቢው የሚከተላቸው በዕድሜያቸውም በምላሳቸውም ነው። እሳቸው ካጠፉ ሁሉም ያጠፋል፤ ካላጠፉ እኔ ወደዚያ አቧራ እገባለሁ።

ወደ ፈተናው ቀን ከመሄዴ በፊት ለእናንተ አንድ ቃል። ዕድሜያችሁ አርባዎቹን ይዞ እንቅልፍ ካጣችሁ፣ እሳት እሳት ካላችሁ፣ ደረታችሁ ካፏጨ፣ ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። «የወር አበባዬ ቆሟል» በሉት፣ ባላችሁ ጣሪያ ቢያይም። የምትታመሙበትን ጭስም ንገሩት፤ የመንገድ ይሁን የማድቤት። እህቴ አስቴር ይኸው ዛሬ በሚኒባስ ስትሄድ መስኮት የምታስከፍተው እሷ ናት። አንዱ «ነፋስ!» ካላት ከአምቦ እስከ ጊንጪ ስለ ኤስትሮጅን ትሰብክለታለች። አንዳንዱ ሰው መንገድ ላይ ይወርዳል።

ፋሲካ ሲቃረብ፣ በገበያ ቀን፣ ግቢው በሰው ታጭቆ ሳለ የኦቦ ለሚ ተራ ደረሰ። መኪናቸው ሞልታለች፣ ሞተሯ ትጮኻለች፣ ጥቁር ጭሷ በመስኮቴ ይገባል። ወረቀቱን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ።

«ሞተሩን ያጥፉና ልስጥዎት፣ ኦቦ ለሚ።»

«ሞልቻለሁ እኮ! ሊወጣ ያለ መኪና ይጠፋል እንዴ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ሊወጣ ያለ ነው። አጥፍተው አልጫኑም። ደንቡ ያው ነው።»

ድምፃቸውን ለግቢው ሁሉ ከፍ አደረጉ። «እናንተዬ ስሙኝ! ይቺ ሴትዮ ቤቷ ያላትን ችግር እኛ ላይ ልትወጣ ነው! ሙቀት ሙቀት ይላታል አሉ! ሳልሽ ከሆነ ቤትሽ ተኝተሽ ሳዪ!»

ሾፌሮቹ ሳቁ። ፊቴ ጋለ፤ ያው እሳት ይሁን ንዴት አልለየሁትም። ከቆርቆሮዋ ክፍል ወጥቼ መኪናው በር ላይ ቆምኩ።

«አዎ፣ አርጫለሁ!» አልኩ። ድምፄ ከሞተሩ በላይ ወጣ። «የወር አበባዬ ቆሟል። ሙቀት ይለኛል። አስምም አለብኝ። ይህ ነውር ከሆነ የእናታችሁም ነውር ነው፣ የሚስታችሁም ነው። እኔ የማፍርበት ነገር የለም። የሚያሳፍረው ባዶ መኪና አስነሥቶ ሰው ማታለል ነው። ወረቀቱ እዚህ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ሞተሩ ካልጠፋ ከዚህ አይወጣም።»

አንድ ሾፌር አንገቱን ሲያቀረቅር አየሁት። መኪናው ውስጥ ከካቺሲ ለገበያ መጥተው የሚመለሱ ሴቶች ነበሩ። አንዲቱ፣ ዕድሜዋ ወደ እኔ የሚጠጋ፣ ራሷን በመስኮት አወጣችና «ዱጋ ኬ!» አለችኝ፣ እውነትሽን ነው። ቀጥላም ወደ ኦቦ ለሚ ዞረች። «አጥፋው እንግዲህ! ከጠዋት ጀምሮ አንተ ጭስ ውስጥ አስቀምጠኸን ራሴን ፈልጦኛል። እኔንም ይሞቀኛል!» ሌሎቹም ተቀበሏት። አንዷ ልትወርድ ተነሣች።

ኦቦ ለሚ አንዴ እኔን አንዴ ሴቶቹን አዩ። ከዚያ ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጫልቱ፣ ሞተሪኖው ተበላሽቷል። ካጠፋሁት አይነሣልኝም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

ለካ ብልሃት አልነበረም፤ ጭንቅ ነው። አዘንኩላቸው፤ ግን እኔንም በዚያው ሁሉ ሰው ፊት ነው ያዋረዱኝ።

«ያጥፉት፤ እንገፋዎታለን» አልኳቸው።

አጠፉት። ግቢው ጸጥ አለ። ከመንገድ የባጃጅ ጥሩንባ፣ ከወዲያ የበግ ድምፅ ይሰማል፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ከዚያ በፊት የበግ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወረቀቱን በእጃቸው አደረግሁ። ሴቶቹ ወረዱ። እኔም ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሠርኩና ከጭስ ማውጫው ርቄ በጎን በኩል የበሩን ቋሚ ያዝኩ።

«አንቺ ተዪ፣ ትንፋሽሽ» አሉኝ ኦቦ ለሚ ከመሪው ላይ።

«ማርሽ ያስገቡ» አልኳቸው።

ገፋን። መኪናዋ መጀመሪያ አልነቃነቅ አለች፣ ከዚያ ተንፏቀቀች፣ ከዚያ እኛን ማስሮጥ ጀመረች። የሳቁት ሾፌሮች ሮጠው መጥተው ከኋላ ተጨመሩ። የግቢው በር ጋ ስንደርስ ሞተሩ ተነሣ። ቆምኩ፤ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሳሉን ጠበቅሁት። አንዴ ኡሁ አልኩ። ደገምኩ። ከዚያ አየሩ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፤ ደረቴ አላፏጨም።

ሴቶቹ እየተሳሳቁ ተሳፈሩ። ወደ ሾፌሩ መስኮት ቀረብኩ። ኦቦ ለሚ አንገታቸውን አወጡ፤ ይቅርታ ሊሉኝ መሰለኝ፣ ወይም ሊያመሰግኑኝ። አልጠበቅኋቸውም።

«ኦቦ ለሚ» አልኳቸው፣ «ካቺሲ እንደደረሱ ሞተሪኖዎን ያሠሩ። ነገ በግፊ አላስወጣዎትም።»